የሰደርያው ግራ ጎን

አባቴን በስፒል የወጋሁት በዘጠኝ ዓመቴ ነው። ስለ እሱ ሳወራ ሁልጊዜ የምጀምረው ከዚህ ነው፤ ለራሴ ሳወራ እንኳ። ሌላ ሰው አባቱ እንዴት እንደሞተ ሲጠየቅ «ታሞ» ይላል፤ እኔ ግን በሆዴ «ወግቼው» እል ነበር። ነገሩ እንደዚያ እንዳልሆነ የገባኝ ባለፈው ዓመት ነው። መቼም ሰው እንዲህ ካለ ሸክም ሲገላገል እፎይ ይላል አይደል? እኔ አላልኩም። ያልሠራሁት ጥፋት ወረደልኝ፤ የሠራሁት ግን ከሥሩ ቁጭ ብሎ ይጠብቀኝ ነበር።

አባቴ የሴቶች ልብስ ሰፊ ነበር። ሱቁ ከቤታችን ሁለት በር አልፎ መንገድ ዳር ነው፤ ሁለት የስፌት መኪና፣ አንድ ረጅም የመቁረጫ ጠረጴዛ፣ ጥግ ላይ ደግሞ ደንበኞች የሚለኩበት በአረንጓዴ መጋረጃ የተከለለ ቦታ አለው። ከመጋረጃው አጠገብ ካውያ ይዞ የሚቆም ረዳቱ አለ። አንድ ቀሚስ ለመተኮስ ግማሽ ቀን ስለሚፈጅበት አባዬ «ቶሎ ቶሎ» ብሎ ስም አወጣለት፤ ስሙ ከሱቅ አልፎ ሰፈሩ ውስጥ ገባና ሚስቱ ሳትቀር በዚያው ጠራችው። እኔም «ጋሼ ቶሎ ቶሎ» እለው ነበር። አይቀየምም። ቢቀየምም ለመቀየም ጊዜ ይወስድበታል ይል ነበር አባዬ።

አባዬ ሥራ ላይ ሲሆን ከሸሚዙ በላይ የሚደርባት አንዲት ግራጫ ሰደርያ ነበረችው። የሰደርያዋ ግራ ጎን የስፒል መሰኪያ ነው። ልኬት ላይ ሳለ ሁለት እጁ ስለሚያዝ፣ ስፒሉን ከደረቱ ላይ እየነቀለ ነው ቀሚሱ ላይ የሚሰካው። ያንን ደረት መሙላት የእኔ ሥራ ነበር። ከትምህርት ቤት ስመለስ ቦርሳዬን ጠረጴዛው ሥር እወረውርና ወለል ላይ የተበተነውን ስፒል በማግኔት እለቅማለሁ፤ አባዬ ጎንበስ ይልልኛል፤ አንድ በአንድ እሰካለሁ። ስለዚህ እሱ ዘንድ ስሜ «ስፒሌ» ነበር።

ስፒሉ ሲገባ ድምፅ አለው። ጨርቁን ያልፍና «ጢቅ» ይላል፤ ትንሽ ደረቅ ድምፅ። እኔ የአባቴ አጥንት ይመስለኝ ነበር። ስፒሉ የጎን አጥንቱን ሄዶ ሲነካ የሚሰማ ድምፅ ነው ብዬ፣ ሳላሳምመው መንካት በመቻሌ እኮራ ነበር። አንድ ቀን «አባዬ፣ አጥንትህ ይሰማኛል» ብለው ከት ብሎ ሳቀ። «የአባትሽ አጥንት ጠንካራ ነው» አለኝ። ጋሼ ቶሎ ቶሎም ካውያውን አስቀምጦ ሳቀ፤ እሱ ካውያ አስቀምጦ የሚስቀው ነገሩ በጣም ሲያስቀው ነው። ምን እንዳሳቃቸው አልገባኝም። አብሬያቸው ሳቅኩ።

የዚያን ቀን ትምህርት ሊዘጋ አንድ ሳምንት ቀርቶት ነበር። የአንዲት ሙሽራ ሚዜዎች ስድስት ሆነው ሱቁን ሞልተውታል፤ ስድስቱም አንድ ዓይነት ቀሚስ፣ ስድስቱም ሌላ ዓይነት ወገብ። አባዬ ቸኩሏል። «ስፒሌ፣ ሙይኝ!» አለና ጎንበስ አለልኝ። ካሉት ስፒሎች አንዱ ዱልዱም ነበር። አልገባ አለኝ። እኔ ደግሞ እልኸኛ ነኝ፤ እስከ ዛሬ እልኸኛ ነኝ። በመዳፌ ሙሉ ኃይሌን አሳርፌ ገፋሁት።

አባዬ አልጮኸም። «እህ!» አለና ሁለት እጥፍ ሆኖ የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዘ። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ አለ። ቀና ሲል ፊቱ አመድ መስሎ «ምንም አይደለም፣ ምንም አይደለም» እያለ ሜትሩን አነሳ። ማታ ሱቅ ሲዘጋ ሰደርያውን ሲያወልቅ ግን አየሁት። ሸሚዙ ላይ፣ በግራ በኩል፣ ልክ የጡቱ ጫፍ ባለበት፣ የቁልፍ ያህል ቀይ ነጥብ።

እውነቱን ለመናገር ያቺን ነጥብ ያየኋት ያን ቀን ብቻ አይደለም። ከዚያ በፊትም ሁለት ሦስት ጊዜ ቡናማ ሆና፣ ጠቃጠቆ መስላ፣ እዚያው ቦታ አይቻታለሁ። ጋሼ ቶሎ ቶሎ የአባዬን ሸሚዝ ሲተኩስ «ይቺ ዝገት ደግሞ ከየት መጣች?» እያለ ካውያውን ገልብጦ ያይ ነበር። እኔም ዝገት ነው ብዬ አምኜ ነበር። ያን ማታ ግን አልጋዬ ላይ ተጋድሜ ሁሉንም ነጥቦች ወደ ራሴ ሰበሰብኳቸው። እነዚያም የእኔ ናቸው፤ ሳላውቅ ስወጋው ከርሜያለሁ ማለት ነው አልኩ። ሕፃን ልጅ ጥፋት ሲያገኝ አያካፍልም፤ ሙሉውን ይወስደዋል።

እናቴ ማተሚያ ቤት ወረቀት አጣፊ ነበረች። ሸሚዙ ላይ ደሙን ብታይ ከሥራዋ ግማሽ ቀን አስፈቅዳ ጤና ጣቢያ እየጎተተች ወሰደችው፤ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እያለች። እኔም ተከተልኳቸው። ጤና መኮንኑ ወጣት ነው፤ እስክሪብቶውን እያኘከ አባዬን ሸሚዙን አስወልቆ አየው። የጡቱ ጫፍ ቀልቶ ተልጧል፤ ዳር ዳሩ ቅርፊት ይዟል። ጤና መኮንኑ እስክሪብቶውን ከአፉ አወጣና እጁን ወደ ደረቱ ዘረጋ፤ ዙሪያውን ሊዳስስ። እየዘረጋ «ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለው።

አባዬ አፉን ከፈተ። ኮርኒሱን አየ። «እንግዲህ...» አለና ቆመ።

እኔ ከዚህ በላይ አልቻልኩም። ሳምንት ሙሉ የያዝኩት ነገር ፈነዳ።

«እኔ ነኝ! እኔ ነኝ በስፒል የወጋሁት!» ብዬ ለቅሶዬን ለቀቅሁት።

የጤና መኮንኑ እጅ መንገድ ላይ ቆመች። ከዚያ ተመለሰች። ይህቺን እጅ እስከ ዛሬ አያታለሁ፤ የአባቴ ደረት ሊደርስ አንድ ስንዝር ሲቀረው ተመልሳ ወረቀት ላይ ያረፈችውን እጅ። «አይዞሽ፣ ስፒል ነው እንጂ ጥይት አይደለም» ብሎ ሳቀና ቅባትና ፋሻ ጻፈ። እናቴ ራሴን በሆዷ ላይ አቅፋ ሳመችኝ። «እውነቱን የምትናገር ልጅ ሰጥቶኛል። ተባረኪ!» አለችኝ። አባዬ ደግሞ ሸሚዙን እየቆለፈ ለረጅም ጊዜ አየኝ። «አዎ» አለ ለጤና መኮንኑ፤ «ልጅ ናት፤ ሳታውቅ ነው»። ዓይኑ ለስላሳ ነበር። ይቅር ያለኝ መሰለኝ። አሁን ሳስበው ያ የይቅርታ ዓይን አይደለም። የሚሰምጥ ሰው የሚይዘው ነገር ሲያገኝ እንደዚያ ነው የሚያየው።

ከዚያ ወዲያ ቁስሉ የእኔ ሆነ። በየቀኑ ከሰዓት በኋላ አባዬ አረንጓዴው መጋረጃ ውስጥ ገብቶ በርጩማ ላይ ይቀመጣል፤ እኔ ፋሻውን ፈትቼ፣ በጥጥ ጠርጌ፣ ቅባት ቀብቼ አሥራለሁ። ሰደርያዋን ግን መልበስ ትቶ ሚስማር ላይ ሰቀላት። ስፒሉንም እጁ ላይ በሚያስራት ስፖንጅ አደረገው። ዳግመኛ እንዳልወጋው ፈርቶኝ ነው ብዬ ነው ያሰብኩት፤ ሰደርያዋን ባየሁ ቁጥር ፊቴን አዞር ነበር። እሱ ግን «ስፒሌ» ማለቱን አልተወም። በጠራኝ ቁጥር ይወጋኝ ነበር።

ለእናቴ አያሳያትም። «አንተ ሰውዬ፣ ሚስትህ ነኝ እኮ፣ አሳየኝ» ስትለው «ሐኪሜን ጠይቂያት» ብሎ ወደ እኔ ይጠቁማል። እሷም ትጠይቀኛለች፤ በየሳምንቱ፣ ከሥራ መጥታ ጫማዋን እያወለቀች።

«እንዴት ነው የአባትሽ ነገር?»

«ደርቋል።»

የመጀመሪያው ሳምንት እውነት ነበር። ቅባቱ ቅርፊቱን አለስልሶት መቅላቱ ቀንሶ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ግን እንደገና አዠ። እኔ «ደርቋል» አልኩ። ጤና መኮንኑ ዘንድ ሁለተኛ ጊዜ ብቻውን ሄዶ «ችፌ ሆኗል» ተብሎ ሌላ ቅባት ይዞ መጣ፤ እኔ «ደርቋል» አልኩ። የጡቱ ጫፍ ጠፍጣፋ ሆነ፤ ቀጥሎም ወደ ውስጥ ሰረጎደ። «ሊድን ነው መሰለኝ፣ እየተዘጋ ነው» ብዬ ራሴን አሞኘሁ፤ ለእናቴም «ደርቋል» አልኳት። የተነካካውን ሸሚዝ ከሱቁ ጀርባ ባለው ቧንቧ በቀዝቃዛ ውሃና በሳሙና አሽቼ እሰጣለሁ፤ ጋሼ ቶሎ ቶሎ ዝም ብሎ ተኩሶ ያደርቅልኛል። እቤት የሚገባው ንጹሕ ሸሚዝ ነው።

ለምን እንደዋሸሁ በደንብ አውቃለሁ። ቁስሉ ከደረቀ ጥፋቴ ደረቀ ማለት ነው። ካልደረቀ ደግሞ «ተባረኪ» ያለችኝ እናቴ ምን ብላ ልትጠራኝ ነው? አባዬ ደግሞ «ደርቋል» ስል ከጋዜጣው ሥር ይጠቅሰኛል፤ በአንድ ዓይኑ። «በይ» አላለኝም። አንድም ቀን አላለኝም። ይጠቅሰኛል ብቻ። ሁለታችንም እየተሳሳቅን ከረምን። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው በእኛ ደረሰ።

በስምንተኛው ወር አንዲት ዶክተር ጋውን ልታሰፋ መጣች። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሳቅ የማታውቅ ሴት። አባዬ ትከሻዋን ሊለካ ክንዱን ሲያነሳ ዓይኗ ሸሚዙ ላይ ተተከለ። እኔም አየሁ፤ ፋሻውን አልፎ ወጥቷል።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለችው።

«ስፒል ነው፣ ዶክተር። አሮጌ ነገር ነው።»

እኔ ጠረጴዛው ሥር ስፒል እየለቀምኩ ነበር። ይህን ነገር መናዘዝ ለምዶብኛል፤ ምርቃቱም ለምዶብኛል። ብቅ አልኩና «እኔ ነኝ የወጋሁት» አልኩ።

ዶክተሯ አላቀፈችኝም። «መቼ?» አለችኝ። ትምህርት ሊዘጋ ሲል አልኳት። በጣቷ ቆጠረች። ከዚያ ወደ አባዬ ዞራ «ስፒል የወጋው ቁስል ስምንት ወር አይቆይም» አለችው። በሕይወቴ እንደዚያች ሴት የጠላሁት ሰው የለም። እውነት ተናግሬ ያልመረቀችኝ እሷ ብቻ ናት።

አባዬን መጋረጃ ውስጥ አስገባችው። ስንቱን ሲለካ የኖረ ሰው ተራው ደርሶ ተለካ። ውጪ ቆመን፣ እኔና ጋሼ ቶሎ ቶሎ፣ የእሷን ድምፅ ብቻ እንሰማለን። ክንድዎን ያንሱ። ያምዎታል? ይቺስ ብብት ውስጥ ያለችው እብጠት ከመቼ ጀምሮ ናት? አባዬ ምን እንደመለሰ አልሰማንም። ዶክተሯ ጋውኗን ሳትለካ ወጣች፤ በማግስቱ ጠዋት ሆስፒታል እንዲመጣ አዛ።

ሆስፒታል አብሬ ሄድኩ። የተቀመጥንበት ኮሪደር በሴቶች የተሞላ ነው፤ ወንድ አባዬ ብቻ። እኔ አልደነቀኝም፤ አባቴ የሴት ልብስ ሰፊ ነው፤ የትም ሲሄድ ሴቶች መሃል ነው። ለሆስፒታሉ ሠራተኞች በሙሉ ጋውን ሊሰፋ ነው፣ ልኬት ሊወስድ ነው ብዬ ነው ያሰብኩት። በሩ ተከፈተና ነርሷ ካርዱን ሳታይ «ቀጣይዋ! ግቢ!» አለች። አባዬ አልተነቃነቀም። «ግቢ እንጂ!» ስትል ቆቡን በሁለት እጁ ይዞ ተነሳ። ሴቶቹ አዩት፤ አንዷ በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። ሰው ለአንዲት ፊደል ይህን ያህል ይሸማቀቃል? ጆሮው ሥር ድረስ ቀላ። እኔ ደግሞ፣ ይቅር ይበለኝ፣ ሳቅኩ። ሲወጣ አንድ ጎኑን ይዞ ነበር፤ «ምን አደረጉህ?» ስለው «ናሙና ወሰዱ» አለኝ።

እኛ ሱቅ ናሙና ማለት የጣት ያህል ተቆርጦ ደብተር ላይ የሚሰካ ጨርቅ ነው። ደንበኛ አይቶ ይመርጣል። ናሙና ወሰዱ ማለት ትልቅ ሥራ ሊመጣ ነው ማለት ነው። እየሮጥኩ ሄጄ ለጋሼ ቶሎ ቶሎ «ሆስፒታሉ ናሙና ወስዷል!» ብዬ አበሰርኩት። ጋሼ ቶሎ ቶሎ ካውያውን አስቀመጠ። ያን ቀን ግን አልሳቀም። በኋላ ሳየው ጠረጴዛው ላይ አንድ ነጭ ሸሚዝ ተቃጥሎ ነበር፤ በሙያ ዘመኑ ያቃጠለው እሱን ብቻ ነው።

ውጤቱ በሁለት ሳምንት ደረሰ። እናቴ ከሥራ ቀርታ አብራ ገባች፤ እኔን ውጪ የሚጠብቀኝ ሰው ስለሌለ ጥግ ላይ አስቀመጡኝ። ዶክተሯ ነገር አላዞረችም። የጡት ካንሰር ነው አለች። አባዬ ሊስቅ ሞከረ።

«ዶክተር፣ እኔ እኮ ወንድ ነኝ። እኔ ደረት ነው ያለኝ።»

«ወንድም ጡት አለው» አለችው። «ትንሽ ነው፤ ለበሽታው ግን ይበቃዋል።»

ከዚያ በረጋ ድምፅ ስታስረዳ ከሰማሁት ብዙው አልገባኝም ነበር፤ አሁን ግን ቃል በቃል አውቀዋለሁ። በወንድ ላይ የጡት ካንሰር ራሱ ጥቂት ነው። ይህኛው ደግሞ ከጡት ጫፍ ቆዳ ላይ የሚታየው ዓይነት ነው፤ «ፔጄት» ይሉታል። ይቀላል፣ ይላጣል፣ ያሳክካል፣ ያዣል፤ ችፌ ይመስላል፤ ቅባት ሲቀቡት ደግሞ ለጊዜው የዳነ ይመስላል። ስለዚህ ያታልላል። በሥራ ዘመኗ ወንድ ላይ ያየችው ይህ ሁለተኛዋ እንደሆነ ነገረቻቸው። በጊዜ ናሙና ቢወሰድለት ኖሮ ብላ ጀመረችና፣ ጥግ ላይ ያለሁትን እኔን አየችና፣ ተወችው።

እኔ የያዝኩት አንድ ቃል ብቻ ነው። ጡት። ጡትን ከጥፋት ጋር አንድ ላይ የሰማሁት በአንድ ስድብ ነው። እናቴ፣ አብልታ አጠጥታ አሳድጋው በኋላ የከዳትን ዘመዷን «ጡት ነካሽ» ትለዋለች። እንግዲህ ታወቀ አልኩ። ነክሼ ባይሆንም ወግቻለሁ፤ በሽታው ስሙን ያገኘው ከሥራዬ ነው። እናቴ ዶክተሯን «ምክንያቱ ምንድን ነው?» ብላ ስትጠይቃት ትንፋሼን ዋጥኩ። ዶክተሯ «እርግጠኛ ሆኖ መናገር አይቻልም» አለች። ልታድነኝ ብላ ዋሸችልኝ ብዬ ያን ጊዜ ወደድኳት።

«ግን እኮ ደርቋል ይሉኝ ነበር» አለች እናቴ። ድምፅዋ ልስልስ ብሎ ነበር፤ ለማንም እንደማታወራ። «በየሳምንቱ እጠይቅ ነበር። ደርቋል ይሉኝ ነበር።»

አባዬ ቆቡን ጭኑ ላይ እያዞረ «እኔ ነኝ ያስባልኳት» አለ። «ልጅቱን እኔ ነኝ በይ ያልኳት።»

ይኸው ነው። እኔን አዳነኝ፤ እሱ ከእናቴ ፊት ወደቀ። ቀና ብዬ «አይ፣ አላለኝም» ማለት ነበረብኝ። በስፒሉ ጊዜ ያለ ጠያቂ የፈነዳች አፌ ያን ጊዜ ተሰፋች።

ደረቱን ቀደዱት፤ ብብቱንም ጠረጉት። ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ቆየን፤ ሁለቱ ደህና ነበሩ፤ ሦስተኛው ግን ከአልጋ አልወረደም። እናቴ አስታመመችው፤ አገላበጠችው፤ አጠበችው፤ አንድ ቀን አልጎደለችበትም። ግን አላወራችውም። «ብላ፣ ጠጣ፣ ዙር» ብቻ ነው። ሲሞት አለቀሰች፤ ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፣ የእሷም አልገደደም። ሰው ሲሸኝ ግን ፎቶውን ከግድግዳ አውርዳ ሳጥን ውስጥ ከተተችው። «ልጄን ውሸት አስተምሮ የሞተ ሰው ግድግዳዬ ላይ አይሰቀልም» አለች። እዚያው ቆሜ ነበር። አሥራ ሦስት ዓመቴ ነው፤ መናገር አያቅተኝም። አልተናገርኩም።

ከመሞቱ ጥቂት ቀን በፊት ብቻችንን ስንሆን አልጋው ላይ ተደፍቼ «አባዬ፣ ስለ ስፒሉ ይቅር በለኝ» አልኩት። ረጅም ጊዜ ራሴን ዳበሰኝ። አንድ ነገር ሊለኝ አፉን ከፈተ፤ ኮርኒሱን አየ፤ ልክ እንደዚያን ቀን። ከዚያ «ይቅር ብዬሻለሁ፣ ስፒሌ» አለኝ። በዚህ ቃል ነው ሃያ አምስት ዓመት የኖርኩት። ወግቼው፣ ይቅር ብሎኝ።

ሱቁን አሁን የያዝኩት እኔ ነኝ። ጋሼ ቶሎ ቶሎ አርጅቶ ሥራ ከተወ ቆይቷል፤ አልፎ አልፎ ብቻ እየመጣ አዲሷን ተኳሽ ልጅ «አትቸኩይ» ይላታል። ባለፈው ዓመት አንድ ቀን በፌስታል የጠቀለለውን ነገር ይዞ መጣ። አባዬ ከቀዶ ሕክምናው በፊት «ደብቅልኝ» ብሎ የሰጠው እንደሆነ ነገረኝ። ግራጫዋ ሰደርያ ናት። ልወረውራት ነበር። እሱ ግን «እንኪ፣ የሙያ ዕቃ ነው፣ እንደዚህ ያለ አሁን የት ይገኛል» እያለ ግራ ጎኗን በጥፍሩ መታ መታ አደረገው። ድምፅ አላት። ገበሩን ገልጬ አየሁ። ከውስጥ በኩል፣ በአሮጌ ብርድ ልብስ ቁራጭ ተጠቅልሎ፣ የመዳፍ ያህል ቆርቆሮ ተሰፍቶበታል።

«ከቀለም ጣሳ ነው የቆረጥኩለት፤ እሱ ራሱ ሰፋው፤ አንቺ ሳትወለጂ» አለኝ ጋሼ ቶሎ ቶሎ። «ስፒል እየወጋው ሲያስቸግረው። ሦስት ቀን ፈጀብኝ። አንቺ ደግሞ አጥንትህ ይሰማኛል ትይው ነበር፤ ትዝ ይልሻል?»

ቁጭ አልኩ። ስፒሉ አልፎ አያውቅም። ሊያልፍ አይችልም። ያን ቀን ያቃሰተው፣ ቆርቆሮው ቀድሞ የታመመ ጡቱ ላይ ስለተጫነበት ነው። ሰደርያዋንም የተዋት እኔን ፈርቶ ሳይሆን እሷን መሸከም ስላቃተው ነው። ይህን ሁሉ አባቴ ያውቅ ነበር። ቆርቆሮውን በገዛ እጁ የሰፋ ሰው ጤና መኮንኑ ፊት «አዎ፣ ልጅ ናት» አለ። ለምን ብዬ ጋሼ ቶሎ ቶሎን ጠየቅሁት። እሱም እንደ ልማዱ ጊዜ ወስዶ ነገረኝ። ነጥቧ ዝገት አለመሆኗን እሱ የለየው እኔ ስፒል ከመግፋቴ ከወራት በፊት ነው፤ ለአባዬም ነግሮታል። አባዬ «የሴቶች ልብስ ሰፊው የሴት በሽታ ያዘው ልታሰኘኝ ነው? ዝም በል» ብሎታል። ዝም አለ። ከዚያ እኔ መጣሁና ለሁሉም የሚነገር፣ የማያሳፍር ምክንያት አመጣሁ።

ተናደድኩ፤ አልደብቅም። ይቅር ከማለት ይልቅ «አልወጋሽኝም» ቢለኝ ምን ነበረበት? አንድ ቃል ናት። የሞተ ሰው ላይ መናደድ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። አንዲት ስፒል አነሳሁና ግራ ጎኗ ላይ ሰካኋት። «ጢቅ» አለች። እንደ ድሮው። እና ያን ጊዜ፣ የስፒሉ ጥፋት ከላዬ ሲነሳ፣ ሥሩ ያለው ታየኝ። እሱ ስለ ስፒሉ ዝም አለ። «ደርቋል» ያልኩት ግን እኔ ነኝ። ስምንት ወር ሙሉ፣ በየሳምንቱ፣ ዓይን ዓይኗን እያየሁ። ቁስሉን የማየው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ እሷ አይታው ቢሆን ኖሮ ፀጉሩን ይዛ ጎትታ ትወስደው ነበር።

ሰደርያዋን ይዤ እናቴ ዘንድ ሄድኩ። ሰማንያ ልትደፍን ነው፤ እጇ አሁንም ወረቀት ካገኘ ያጥፋል። የመድኃኒቷን ወረቀት ጠርዙን ከጠርዙ እያስተካከለች ታጥፍ ነበር። ቆርቆሮውን አሳየኋት፤ ስለ ስፒሉ ነገርኳት። ወረቀቱን እያጠፈች ሰማችኝ። ከዚያ ትንፋሼን ሰብስቤ «እማዬ፣ ያኔ አልደረቀም ነበር። አንድም ቀን አልደረቀም» አልኳት።

«አውቃለሁ» አለች። «እሱ ነዋ በይ ያለሽ።»

በሩ ክፍት ነበር። «አዎ» ብዬ መውጣት እችላለሁ። እሱም በገዛ አፉ የዘጋልኝ ነገር ነው፤ ሞቷልም፤ አይቀየምም።

«አይ» አልኩ። «እኔ ነኝ።»

እጇ ቆመ። በዘጠኝ ዓመቴ እነዚህኑ ሁለት ቃላት ስል፣ ያልሆነውን ስናገር፣ ሆዷ ላይ አቅፋ መርቃኝ ነበር። አሁን እውነት ሲሆን አልመረቀችኝም። አልተቆጣችኝምም። ወረቀቷን እስከመጨረሻው አጥፋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና «ሳጥኑን ክፈቺና ፎቶውን አውጪልኝ» አለችኝ።

አወጣሁላት። አቧራውን በቀሚሷ ጫፍ ጠርጋ ከፊቷ አቆመችው። እስኪመሽ ድረስ እሱን ስታይ ቆየች፤ እኔን ቀና ብላ አላየችኝም።